ኤዲተርህ ላይ «ወደ ድረ ገጽ ላክ» የሚል ትእዛዝ ከመጨመርህ በፊት

ጥያቄው፦ የራሴን የሰነድ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ጥቂት ሰዎች በየቀኑ ይጠቀሙበታል። አሁን «ሰነዱን ወደ ድረ ገጽ የሚቀይር ነገር ጨምርልን» እያሉኝ ነው። ሞክሬም ነበር። እያንዳንዱን መስመር ስክሪን ላይ ካለበት ቦታ ጋር አድርጌ ወደ ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) ጻፍኩት። ኮምፒውተር ላይ ቁርጥ ዋናውን ይመስላል፤ ስልክ ላይ ግን ጭራሽ አይነበብም። ቦልድና ኢታሊክ (ደማቅና ዘመም ጽሑፍ) ሲደራረቡ ታጎቹ፣ ማለትም ቅርጹ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚናገሩት ምልክቶች፣ ይመሰቃቀላሉ። ባለ ቁጥር ዝርዝሮችም ሁሌ ከ1 ይጀምሩብኛል። ሰነዱን ውስጥ ለውስጥ የማስቀምጠው በተከታታይ አንቀጾች ነው፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ጽሑፉንና «ከዚህ ፊደል እስከዚህ ፊደል ቦልድ ነው» የሚሉ መረጃዎችን ይይዛል። ከየት ልጀምር? ዝግጁ ላይብረሪ (ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ) ልጠቀም ወይስ ራሴ ልጻፈው?

መልስ፦ ኮድህን ባላየውም ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ራስህ ነግረኸኛል። «ስክሪን ላይ ካለበት ቦታ ጋር» ያልከው ነው ጉዱ። የላክኸው ሰነዱን ሳይሆን የሰነዱን ፎቶ ነው። ለፎቶ ደግሞ ፒዲኤፍ አለልን። ተጠቃሚዎችህ እሱን ቢፈልጉ ኖሮ «ድረ ገጽ» አይሉህም ነበር።

ማንኛውም ኤዲተር ሆዱ ውስጥ ሁለት ነገር አለው። አንዱ ሰነዱ ራሱ ነው፦ አንቀጹ፣ ርዕሱ፣ ዝርዝሩ፣ ሰንጠረዡ። ሌላው ያንን ወስዶ ወረቀት ላይ የሚደረድረው ክፍል ነው፦ መስመሩ የት ይሰበር፣ ገጹ የት ያብቃ፣ ፊደሉ ስንተኛው ነጥብ ላይ ይረፍ የሚለውን የሚያሰላው። ብራውዘር ይህን ሁለተኛውን ሥራ ራሱ ይሠራል፤ ስክሪኑ በጠበበና በሰፋ ቁጥር እንደገና ይሠራዋል። አንተ ድርድሩን ጨርሰህ ስትሰጠው እጁን አሰርከው ማለት ነው። ስለዚህ ኤክስፖርቱ፣ ማለትም ሰነዱን ወደ ድረ ገጽ የሚልከው ክፍል፣ ድርድሩን የሚሠራውን ኮድ ጨርሶ መንካት የለበትም። በቀጥታ ከአንቀጾቹ ይነሳ።

ይህን ከተቀበልክ ቀሪው ጥያቄ ምን ይጣል የሚለው ነው። ገጽ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ የገጽ ቁጥር፣ በየገጹ አናትና ግርጌ የሚደጋገመው ጽሑፍ፣ የገጽ መቁረጫ ሁሉ ይሄዳሉ። «ገጽ 14 ይመልከቱ» የሚል ማጣቀሻ ትርጉም ያጣል፤ ወደዚያ ቦታ የሚወስድ ሊንክ አድርገው፣ በቁጥሩ ፋንታም የክፍሉን ርዕስ ጻፍ። ማውጫው ከነገጽ ቁጥሩ አይገለበጥም፤ ከርዕሶቹ እንደ አዲስ ይሠራል። የግርጌ ማስታወሻ ግርጌ ስለሌለው ወደ መጨረሻው ይወርዳል፤ ከቁጥሩ ወደ ማስታወሻው፣ ከማስታወሻውም ወደ ቁጥሩ የሚመልስ ሊንክ ይኑረው። የመመለሻውን ሊንክ የሚረሳው ሰው ብዛቱ ያስገርመኛል።

ሁሉንም ይዤ ልሂድ ያለ ምን እንደሚገጥመው ማይክሮሶፍት ዎርድ 2000 አሳይቶናል። የዚያን ጊዜ ሐሳባቸው ሰነዱ ድረ ገጽ ሆኖ ተቀምጦ ተመልሶ ዎርድ ውስጥ ሲከፈት ምንም እንዳይጎድልበት ነበር። ስለዚህ ብራውዘር የማይገባውን የዎርድ መረጃ ሁሉ ፋይሉ ውስጥ አጨቁት። ሁለት መስመር የጻፈ ሰው በብዙ እጥፍ ያበጠ ፋይል ይወጣለት ነበር። የዴቭ ራጌት «ኤችቲኤምኤል ታይዲ» የተባለው ማጽጃ ፕሮግራም ለዚህ ብቻ የተለየ አማራጭ እስከመያዝ ደርሷል። ማይክሮሶፍትም ቆይቶ የዎርድን ትርፍራፊ አራግፎ የሚያስቀምጥ «የተጣራ» ምርጫ ጨመረ። ስለዚህ መመለሱን እርሳው። ዋናው ፋይል ያንተው ፎርማት ነው፤ ኤችቲኤምኤሉ የአንድ መንገድ ጉዞ ነው።

ላይብረሪውን በተመለከተ፦ ፕሮግራምህ ከወዲሁ ዶክስ (የዎርድ ፋይል) ወይም ማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች የሚቀረጽ ጽሑፍ) መጻፍ ከቻለ ፓንዶክን፣ ማለትም ሰነድን ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ የሚቀይረውን ፕሮግራም፣ ጠርተህ በአንድ ከሰዓት ልትገላገል ትችላለህ። ጎበዝ መሣሪያ ነው፤ ከ2006 ጀምሮ እየተሞረደ የመጣ። ግን የጂፒኤል ፈቃድ (ኮድን ክፍት የማድረግ ግዴታ ሊያመጣ የሚችል) ስላለው ከፕሮግራምህ ጋር አብረህ ከማከፋፈልህ በፊት ፈቃዱን አንብብ። ሌላው ችግር ሰነድህ ሁለት ጊዜ መተርጎሙ ነው፤ ባግ ሲመጣ የትኛው ጋ እንደጠፋ ስትፈልግ ትውላለህ። አንተ በነገርከኝ አወቃቀር ከሆነ ራስህ ብትጽፈው ይሻላል ባይ ነኝ። የአንቀጽ ተከታታይን ወደ ኤችቲኤምኤል ማውጣት የሚያስፈራ ሥራ አይደለም። የሚያለፋው ጥቂት ቦታ ነው፤ አንተም ሁለቱን አግኝተሃቸዋል።

ከቦልድና ኢታሊክ እንጀምር። ያንተ መረጃ ጠፍጣፋ ነው፦ ከዚህ እስከዚያ ቦልድ፣ ከዚህ እስከዚያ ኢታሊክ። እንደ ልባቸው መደራረብ ይችላሉ። ኤችቲኤምኤል ግን ዛፍ ነው። መጨረሻ የተከፈተው መጀመሪያ ይዘጋል፤ ማቋረጥ የለም። ስድስት ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ውሰድ። ከ1ኛው እስከ 4ኛው ቃል ቦልድ ነው፤ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ኢታሊክ። የቦልዱን ታግ ከፍተህ፣ መሐል ላይ ኢታሊኩን ከፍተህ፣ 4ኛው ቃል ላይ ቦልዱን ስትዘጋ ኢታሊኩ ገና ክፍት ነው። ብራውዘሩ እንዲህ ያለውን በራሱ ደንብ ለማቃናት ይሞክራል፤ ተሳክቶለት ልትታለልም ትችላለህ። አንተ ግን በዚያ አትመካ።

መፍትሔው ማንኛውም ነገር የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ነጥብ ሰብስቦ እዚያ ላይ መቁረጥ ነው። የእኛው ምሳሌ ሦስት ቁራጭ ይሆናል፦ ቃል 1 እና 2 ቦልድ ብቻ፣ ቃል 3 እና 4 ቦልድም ኢታሊክም፣ ቃል 5 እና 6 ኢታሊክ ብቻ። እያንዳንዱን ቁራጭ ስትጽፍ ታጎቹን ሁሌ በአንድ ቅደም ተከተል ክፈት፣ በተገላቢጦሹ ዝጋ። ሊንክ ካለ ከሁሉም ውጭ ይሁን፤ አለበለዚያ አንዱ ሊንክ ለሦስት ይቆራረጥና አንባቢው የተለያዩ ሊንኮች ይመስሉታል። ከመቁረጥህ በፊት ደግሞ ጎን ለጎን ያሉና ቅርጻቸው አንድ ዓይነት የሆኑትን አዋህድ። ሰው ሲጽፍ፣ ሲያጠፋ፣ ሲለጥፍ አንድ ቃል አራት ቦታ ተቆራርጦ ይቀመጣል፤ ዓይን አያየውም፣ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ግን ቆሻሻ ሆኖ ይወጣል።

እዚሁ ላይ አንድ እኔን ጉድ የሠራችኝን ነገር ላንሳ። ኮዱ ሲነበብ ደስ እንዲል ብዬ በየቁራጩ መሐል አዲስ መስመር እጨምር ነበር። በኤችቲኤምኤል አዲስ መስመር እንደ ክፍት ቦታ ይቆጠራል። ቃሉ መሐሉ ላይ ቦልድ ከሆነ ለሁለት ተሰንጥቆ ይታያል። ሁለት ቀን ፎንቱን ስወቅስ ከረምኩ። አንቀጽ ውስጥ አታስውብ፤ በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል የፈለግከውን አድርግ።

ዝርዝሩ ላይ ያለው ችግር የዚሁ ዘመድ ነው። በኤዲተርህ ውስጥ ዝርዝር የሚባል ዕቃ የለም፤ «እኔ የዝርዝር ቁጥር 7 አባል ነኝ፣ ደረጃዬ 2 ነው» የሚሉ አንቀጾች ናቸው ያሉት። ኤችቲኤምኤል ደግሞ ዝርዝሩን ከውጭ የሚያቅፍ ታግ ይፈልጋል። አንተ ምናልባት እያንዳንዱን አንቀጽ ለብቻው አቅፈኸዋል፤ ለዚያ ነው ሁሉም ከ1 የሚጀምረው። ክፍት የሆኑትን ዝርዝሮች የሚይዝ ስታክ (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት ክምር) ያዝ። አዲሱ አንቀጽ ከፊተኛው ጠለቅ ካለ አዲስ ዝርዝር ክፈት፤ ወጣ ካለ ደረጃው እስኪስማማ እየዘጋህ ውጣ፤ እኩል ከሆነ አንድ ነጥብ ብቻ ጨምር። ተራ አንቀጽ ከመጣ ሁሉንም ዝጋ። አደራ፣ የውስጠኛው ዝርዝር መግባት ያለበት በላይኛው ነጥብ ሆድ ውስጥ ነው፤ ነጥቡን ዘግተህ ከጎኑ ካስቀመጥከው ስህተት ነው። አንድ ዝርዝር በማብራሪያ አንቀጽ ተቋርጦ ከ4 የሚቀጥል ከሆነም «ስታርት» የሚባለው አትሪቢዩት (ታጉ ውስጥ የሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) አለልህ። ተጠቃሚው ከደረጃ 1 ቀጥታ ወደ ደረጃ 3 የዘለለበትንም ሞክረው፤ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ።

ርዕስን በፊደል መጠን አትገምት። ትልቅና ደማቅ ስለሆነ ብቻ ርዕስ ነው የሚል ኮድ አንድ ቀን የሰውን ስም ከፊርማው በላይ አግኝቶ ርዕስ ያደርገዋል። ተጠቃሚው «ርዕስ 1» የሚለውን ስታይል ከሰጠው ኤች1 (የኤችቲኤምኤል ከፍተኛው የርዕስ ታግ) ነው፤ ካልሰጠው ደማቅ አንቀጽ ነው፣ በቃ። ኤችቲኤምኤል ስድስት ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ ከዚያ በታች ያሉትን ወደ ስድስተኛው ጠቅልል። ለእያንዳንዱ ርዕስ መለያ ስጠው፤ «መግቢያ» የሚል ርዕስ ሁለት ጊዜ ቢመጣ ሁለተኛው ላይ ቁጥር ጨምር። መለያው ራሱ በአማርኛ ቢሆን ችግር የለውም፤ ክፍት ቦታ እስከሌለበት ድረስ የአሁኑ ኤችቲኤምኤል ይቀበለዋል።

ስለ ቀለምና ፎንት አላበዛም። በየአንቀጹ ላይ ስታይል አትለጥፍ፤ በሰነዱ አናት ላይ አንድ የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስኑ ደንቦች) ክፍል አድርግና እያንዳንዱን የኤዲተርህን ስታይል አንድ ክላስ (ስም ያለው የደንቦች ስብስብ) አድርገው። የፎንት ታግን ከ1997ቱ ኤችቲኤምኤል 4 ጀምሮ «ተዉት» ተብለናል። ዋናው ጽሑፍ 11 ነጥብ ነው ብለህ አታስገድድ፤ የአንባቢው ብራውዘር የራሱ መጠን አለው፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ሆን ብሎ ያሳደገውም ሊሆን ይችላል። ርዕሱን ከዋናው ጽሑፍ አንጻር በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ብቻ ንገረው። ባዶ አንቀጾችን ጣላቸው። ሰዎች ቦታ ለመተው ኢንተር እየደጋገሙ ይመታሉ፤ ያንን በማርጂን ተካው። አንዳንዱ «የተውኩት ቦታ የት ሄደ» ብሎ ያማርር ይሆናል፤ ቻለው።

ፊደላት ላይ ግን ቀልድ የለም። ፋይሉን ሁሌ በዩቲኤፍ-8 ጻፍ፤ የሲስተሙን ነባሪ ኢንኮዲንግ (ፊደላት ወደ ባይት የሚቀየሩበትን ደንብ) አትጠቀም፤ ገጹ በጥያቄ ምልክት የሚሞላው እዚያ ላይ ነው። ኢንኮዲንጉን የሚናገረው የሜታ ታግ በፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ መገኘት አለበት፤ ስለዚህ ከሲኤስኤሱም ከርዕሱም በፊት አድርገው። የድሮ ፕሮግራሞች የግዕዝን ፊደል ወደ ቁጥር ኮድ ይቀይሩት ነበር። «ሀ» ዩኒኮድ ውስጥ ቁጥሩ 4608 ነው። በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ በቁጥር ኮድ (ሀ) ሲጻፍ ሰባት። ፋይሉ ከእጥፍ በላይ ማበጡ ሳያንስ፣ ገጹን ከፍቶ ማረም የሚፈልግ ሰው አንድም ቃል ማንበብ አይችልም። ፊደሉን እንዳለ ጻፈው። የሰነዱን ቋንቋም አሳውቅ፤ ጽሑፉን ጮክ ብለው የሚያነቡ ፕሮግራሞች ይፈልጉታል። ስልክ ላይ እንዲነበብ ደግሞ የቪውፖርት ሜታ ታጉን (ገጹ በስክሪኑ ስፋት ልክ እንዲደረደር የሚናገረውን) አትርሳ፤ እሱ ከሌለ ስልኩ ገጹን ለኮምፒውተር የተሠራ መስሎት ያሳንሰዋል።

ከተጠቃሚው ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ምልክቶችን መቀየር ግዴታህ ነው፦ አምፐርሳንድን (&)፣ «ያንሳል»ን (<) እና «ይበልጣል»ን (>)። ከአምፐርሳንድ ጀምር። መጨረሻ ላይ ካደረግከው አንተው የጻፍካቸውን ኮዶች እንደገና ይቀይራቸዋል። በአትሪቢዩት ውስጥ ከሆነ የጥቅስ ምልክቱም ይጨመር። ሊንኮችንም አጣራ፦ ኤችቲቲፒ፣ ኤችቲቲፒኤስ፣ ሜይልቱና የሰነዱ የውስጥ ሊንኮች ይለፉ፤ በ«ጃቫስክሪፕት» የሚጀምር፣ ሲነካ ኮድ የሚያስኬድ አድራሻ ግን ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቅር። የማታውቀው ሰው የላከልህን ሰነድ ድረ ገጽ አድርገህ ስትለጥፍ በእጅህ ቀዳዳ እየከፈትክ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ስዕል እንምጣ። እዚህ የቴክኒኩ ሳይሆን የሰው ጉዳይ ይበልጣል። የተለመደው አሠራር አንድ ኤችቲኤምኤል ፋይልና ከጎኑ ስዕሎቹን የያዘ ፎልደር ማውጣት ነው። ተጠቃሚው ፋይሉን ብቻ በኢሜይል ይልከዋል። ተቀባዩ የተሰበሩ ስዕሎች ያያል። ጥፋቱ ያንተ ይሆናል። ስዕሎቹን በቤዝ64 (ባይትን ወደ ተራ ፊደላት በሚቀይረው አጻጻፍ) አድርገህ ፋይሉ ውስጥ ብትከት ይህ አይመጣም፤ ዋጋው በየሦስቱ ባይት አራት ፊደል፣ ማለትም በሲሶ ያህል መወፈር ነው። እኔ ብሆን ነባሪው አንድ ፋይል ይሁን እላለሁ፤ ፎልደሩ ድረ ገጽ ላይ ለሚጭኑት አማራጭ ሆኖ ይቀመጥ። ፎልደር ስታወጣ ስሞቹን «ምስል 1» «ምስል 2» በሚል መልክ፣ በእንግሊዝኛ ፊደልና ያለ ክፍት ቦታ ስጣቸው፤ መንገዱም ከፋይሉ አንጻር የተጻፈ ይሁን። ያንተን ሃርድ ዲስክ አድራሻ የያዘ ገጽ ሌላ ሰው ጋ ምን ይሠራል?

መጠኑን ለመቀየር አንድ ኢንች በሲኤስኤስ 96 ፒክስል፣ በሕትመት ደግሞ 72 ነጥብ መሆኑን ያዝ። 8 ሴንቲ ሜትር የነበረ ስዕል ወደ 302 ፒክስል ይሆናል። ላዩ ላይ «ከስክሪኑ ስፋት አትለፍ» የሚል ደንብ ጨምርበት። ቲፍና ኢኤምኤፍ የመሳሰሉትን የስዕል ፎርማቶች ወደ ፒኤንጂ ቀይር፤ ብራውዘሮች በአብዛኛው አያሳዩዋቸውም።

ሰንጠረዥ ላይ የሚያስቸግረው የተዋሃዱ ሴሎች ናቸው። መጀመሪያ ሙሉውን ፍርግርግ በሐሳብ ዘርጋው፤ እያንዳንዱ ቦታ የማን እንደሆነ ምልክት አድርግ፤ ከዚያ በሌላ ሴል የተያዘውን ቦታ ሳትጽፍ እለፈው። እየጻፍክ ለመቁጠር ከሞከርክ ትሳሳታለህ። ሰፊ ሰንጠረዥ በራሱ ሳጥን ውስጥ ወደ ጎን እንዲንሸራተት አድርገው፤ ገጹን በሙሉ ጎትቶ እንዳይወስደው።

አሁን የምነግርህን ማንም አልጠየቀህም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው። ሰነድ ውስጥ የማይታይ ነገር አለ። የተሰረዘ ግን ገና ያልጸደቀ ለውጥ፣ የጎን አስተያየት፣ የተደበቀ ጽሑፍ፣ የጸሐፊው ስም። አንድ ጊዜ እኔው በሠራሁት ኤክስፖርት የወጣ የዋጋ ማቅረቢያ ውስጥ የተሰረዘው የቀድሞ ዋጋ ከአዲሱ ጎን ተጽፎ ለደንበኛው ደርሷል። ኮዴ አንቀጹን ሲያነብ «ይህ የተሰረዘ ነው» የሚለውን ምልክት አያውቀውም ነበር፤ ስለዚህ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ አወጣው። ደንበኛው ስልክ ሲደውል የተሰማኝን ልንገርህ አልችልም። ከዚያ ወዲህ ደንቤ ተገለበጠ፦ የማውቀውን ዓይነት ብቻ አወጣለሁ፤ የማላውቀውን አላወጣም፣ ግን ለተጠቃሚው «ይህን ይህን አላወጣሁም» ብዬ አሳውቃለሁ። ስዕልም እንዲሁ ነው። ተጠቃሚው ጫፉን ከርክሞ የደበቀው ክፍል ዋናው ፋይል ውስጥ አሁንም አለ፤ ኤክስፖርት ስታደርግ በእውነት ቁረጠው። በስልክ የተነሳ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ይራገፍ።

ለመፈተሽ ትንንሽ ሰነዶች አዘጋጅ፤ እያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ይፈትን። የወጣውን ኤችቲኤምኤል በዓይንህ አይተህ፣ በዳብሊው3ሲ (የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ድርጅት) ማረጋገጫ አሳልፈህ ካጸደቅከው በኋላ አስቀምጠው፤ ከዚያ በኋላ ኮዱ በተነካ ቁጥር አዲሱ ውጤት ከእሱ ጋር ይወዳደር። ይህ እንዲሠራ ውጤቱ ሁሌ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ፋይሉ ውስጥ ሰዓት አትጻፍ፤ መለያዎቹን በዘፈቀደ አትፍጠር። ስትጽፍም መጀመሪያ ወደ ጊዜያዊ ፋይል ጽፈህ ሲያልቅ ስሙን ቀይር፤ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ የተጠቃሚው የቀድሞ ገጽ አብሮ እንዳይሄድ።

ቅደም ተከተሉን ከጠየቅከኝ፣ አንቀጽ፣ ርዕስ፣ ቦልድና ኢታሊክ፣ ሊንክ፣ ዝርዝር፤ እነዚህን ይዘህ ለተጠቃሚዎችህ ስጣቸው። ስዕልና ሰንጠረዥ ቀጥሎ። የጽሑፍ ሳጥንና የተሳሉ ቅርጾችን እነሱ እስኪጠይቁህ አትንካቸው።

የመጨረሻው የሜኑው ስም ነው። «እንደ ድረ ገጽ አስቀምጥ» አትበለው። «አስቀምጥ» ካልክ ተጠቃሚው ሥራው የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ፕሮግራሙን ዘግቶ በማግስቱ ኤችቲኤምኤሉን ይዞ ይመጣና «ክፈትልኝ» ይልሃል። «ወደ ድረ ገጽ ላክ» በለው። ልኮ ሲጨርስ ክፍት ያለው ሰነድ ስሙም ቦታውም አይቀየር፤ «ያልተቀመጠ ለውጥ አለ» የሚለው ምልክትም በርቶ ከነበረ እንደበራ ይቆይ። ለዚህም አንድ ቴስት ጻፍለት።